ቤዝ ይገራ እንጂ አይቅር
(ለሠፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ሠርግ በመጣ ቁጥር ቤዙ ቤታችንን ሲያንቀጠቅጠው ያድራል። ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ያስቀራል፤ ወፍራሙ ግን ዘልቆ ታማሚም ጋ፣ ለፈተና የሚያጠና ልጅም ጋ ይደርሳል። ታዲያ ቤዝ ይቅር አንልም፤ ይገራ ነው የምንለው።

የድምፅ ማጣሪያ እኮ እንደ ቡና ወንፊት ነው፤ አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ያስቀራል። ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1969 ፓተንት ያገኘበት ማጣሪያ ቀጭኑን ቆርጦ ወፍራሙን ያሳልፋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ካሴት አኮርዲዮንን ከሙግ ጋር አዋህዷል።

ድምፅ ማጉያ የምትቆጣጠሩ ወጣቶች ሆይ!

አንደኛ፣ ከ40 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡት፤ በትንሽ ስፒከር አይሰማም፣ ስፒከሩን ግን ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ ለማይክሮፎኑ የሎው ከት ቁልፉን ተጫኑ፤ የሽማግሌ ምርቃት ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ቤዙ ደከመ ብላችሁ ድምፅ አትጨምሩ። ጥቂት ዲስቶርሽን ይበቃዋል፤ ጆሮ ከላይኞቹ ድምፆች ተነስቶ ወፍራሙን ራሱ ይሞላዋል።

እንዲህ ከሆነ ጨፋሪውም ይጨፍራል፣ ጎረቤትም ይተኛል። ስለሆነም ከሚቀጥለው ሠርግ እንጀምር እንላለን።