ረዥሙን የእንግሊዝኛ ቃል ከፍሎ ስለ ማንበብ



በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት፣ በፋርጣና በእስቴ የሚማሩ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። ያን ጊዜ ረዥም ቃል ባጋጠማቸው ቍጥር ብዙዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወይም ፈጽመው ዝም ይላሉ። ዝምታን የለመደ ተማሪም የሚያውቀውን እንኳ ሳይናገር ይቀራል።

ይሁን እንጂ ድምፅን አንሥቶና ጥሎ ማንበብ ለዚህ አገር እንግዳ ትምህርት አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም፣ በዝማሬና መዋሥዕት የታወቀችው ዙር አባ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ይገኛሉ። የንባብ ቤት ተማሪ የግእዙን ቃል ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ ብሎ ይለያል። ፊደሉን አሟልቶ፣ ነገር ግን ተነሹን በወዳቂ ያነበበ እንደ ሆነ መምህሩ ያርመዋል። የእንግሊዝኛም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

አስቀድሞ ቃሉን በአናባቢው ድምፅ ልክ መክፈል ይገባል። «ኢንፎርሜሽን» የሚለው ኢን፣ ፎር፣ ሜ፣ ሽን ተብሎ በአራት ይከፈላል፤ የሚነሣውም «ሜ» ነው። በ«ሽን» ድምፅ በሚጨርሱ ረዣዥም ቃላት ከ«ሽን» በፊት ያለው ክፍል ይነሣልና። በ«ኢቲ» የሚጨርሱት ግን ከመጨረሻው ሦስተኛውን ክፍል ያነሣሉ፤ ስለዚህ ዩ፣ ኒ፣ ቨር፣ ሲ፣ ቲ ስንል «ቨር» ጐልቶ ይሰማል። ያልተነሡት ክፍሎች አናባቢ ብዙ ጊዜ ደክሞ ይነገራል። ሁሉን እኩል አጕልቶ ያነበበ ሰው ለሰሚው የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቃሉ ሲረዝም የሚነሣው ክፍል ቦታውን ሊለውጥ ይችላል። በ«ፎቶግራፍ» «ፎ» ይነሣል፤ በ«ፎቶግራፈር» «ቶ»፤ በ«ፎቶግራፊክ» ደግሞ «ግራ»።

ትርጕምም ይለወጣል። በአማርኛ «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ፣ ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ጊዜ እንደ ሆነ ሁሉ፣ «ሬከርድ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያው ሲነሣ ስም፣ መጨረሻው ሲነሣ ግሥ ይሆናል። ልዩነቱ ግን በጽሑፍ አይታይም፤ በጆሮ ይለመዳል እንጂ።

እንግዲህ ተማሪው በየቀኑ አምስት ቃል ከፍሎ ድምፁን አሰምቶ ያንብብ። መምህሩም ያርመው እንጂ ጓደኞቹ አይሣቁበት። ከአያቶቹ የንባብ ቤት የተረፈውን ይህን ጥበብ የሚያውቅ ልጅ በእንግሊዝኛ ፊት የሚያፍርበት ምክንያት የለውም።