አስፈሪ ታሪክ በሥዕል ሲነገር



የዛሬው ንግግራችን በአሜሪካ አገር በሥዕል ተነድፈው ለዐዋቂ አንባቢ ስለሚቀርቡ አስፈሪ አጫጭር ታሪኮች ነው። ነገሩ ከንቱ ጨዋታ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ወቅት የአገሪቱን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ያነጋገረ ጉዳይ ነውና ጥቂት ጊዜ ብንሰጠው የሚያስነቅፈን አይመስለኝም።

በኤውሮጳ አቆጣጠር ኤፕሪል 21 ቀን 1954 ዓ.ም. የወጣቶችን ጥፋት የሚመረምር የሴናተሮች ንኡስ ጉባኤ በኒው ዮርክ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሴናተር ኢስቲስ ኪፎቨር አንድ መጽሔት አንሥተው ለአሳታሚው ለዊልያም ጌይንስ አሳዩአቸው። በሽፋኑ ላይ መጥረቢያ የያዘ ሰው የአንዲት ሴት የተቈረጠ ራስ በጠጕሩ አንጠልጥሎ ይታያል። ሴናተሩ ይህ ለጨዋ ሰው የሚገባ ነውን ብለው ቢጠይቁ፣ ጌይንስ ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን ከሆነ አዎን ሲሉ መለሱ። በዚያች መልስ ራሳቸውን ጐዱ።

እኔ እንደሚመስለኝ ግን ክርክሩ ከመነሻው የተጣመመ ነበር፤ ይህ ጥበብ በአንድ ሥዕል አይመዘንምና። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ ክፍሎች ተሥሎ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ታሪኩ የሚነገረው ዐይን ከአንዱ ክፍል ወደሚቀጥለው ሲሻገር ነው። በአንደኛው ክፍል በር ይከፈታል፤ በሁለተኛው የሚጮኽ ሰው ፊት ይታያል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን የሚሥለው አንባቢው ራሱ ነው። እርግጥ ነው፣ ያን ሽፋን ያሠሩት ለገበያ ብለው ነውና ጌይንስም ከነቀፋ አያመልጡም።

ጌይንስ ኢ.ሲ. የተባለውን ድርጅት የወረሱት አባታቸው በ1947 በጀልባ አደጋ በሞቱ ጊዜ ነው። በ1950 ከአዘጋጃቸው ከአል ፌልድስታይን ጋር ሦስት አስፈሪ መጽሔቶች አወጡ። በደለኛው የእጁን ያገኛል፤ የተገደለው ከመቃብሩ ተነሥቶ ይበቀላል። ፌልድስታይን ቃሉን አስቀድመው ይጽፋሉ፤ ክፍሎቹ ተሰምረው ፊደሉም ከሰፈረ በኋላ ወረቀቱ ለሠዓሊው ይሰጣል። ለሠዓሊው የቀረለት የተሰመረውን መሙላት ብቻ ነበር።

ይህ ሥርዐት የጠበባቸው ሠዓሊ በርናርድ ክሪግስታይን ናቸው። በ1955 በዚያው ድርጅት “ኢምፓክት” በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቍጥር ላይ ለወጣው “የበላይ ዘር” ለተሰኘ ታሪክ ስድስት ገጽ ቢሰጧቸው፣ ዐሥራ ሁለት ይገባዋል ብለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ስምንት ተፈቀደላቸው። የተሰመሩትንም ክፍሎች እየቈራረጡ እንደ አዲስ ደረደሩ።

አንድ ሰው በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሮ ሳለ፣ ጥቍር የለበሰ ሌላ መንገደኛ ሲገባ አይቶ ይርዳል። አንባቢው ከናዚዎች ያመለጠ ምስኪን መስሎት ያዝንለታል፤ በኋላ ግን የእስር ሰፈሩ አዛዥ እርሱ ራሱ እንደ ነበረ ይገለጣል። ሲሸሽም ተንሸራቶ ከሐዲዱ ላይ ይወድቃል። በዚህ ስፍራ ክሪግስታይን ደም አላሳዩም። የአወዳደቁን ቅጽበት በቀጫጭን ክፍሎች ከፋፈሉ፤ የሚያልፈውንም ባቡር መስኮቶች ደጋግመው ሣሉ። በመስኮቶቹ ውስጥ የሚታዩት መንገደኞች ምንም አያውቁም። እኔን ከሬሳዎቹ ሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ይኸው ነው። የአይሁድ እልቂት ከተፈጸመ ገና ዐሥር ዓመት ሲሆነው፣ ዐሥር ሳንቲም የሚሸጥ መጽሔት ይህን ፍርሃት እንዲህ አድርጎ አሳየ።

ይሁን እንጂ ጊዜው አልፎ ነበር። መጽሔቶቹን አጥብቀው የከሰሱት ዶክተር ፍሬድሪክ ወርታም በሃርለም ድኾችን ያከሙ ሐኪም ናቸውና ለልጆች መጨነቃቸው አይነቀፍም፤ ነገር ግን በ2012 የታተመ ምርመራ የልጆቹን ቃል በአንዳንድ ስፍራ እንደ ለወጡት አሳየ። በ1954 አሳታሚዎች ራሳቸው ባቆሙት ደንብ “ሆረር” እና “ቴረር” የሚሉት ቃላት ከመጽሔት ርእስ ተከለከሉ፤ ሬሳ ተነሥቶ መሄዱም ቀረ። ለልጅ ተብሎ ዐዋቂውም ተነፈገ።

በ1964 ጄምስ ዋረን “ክሪፒ” የተባለውን ያለ ቀለም በትልቅ መጽሔት መጠን በማሳተም ከደንቡ ውጭ ቆሙ፤ የቀድሞዎቹም ሠዓልያን አንዳንዶቹ ወደዚያ መጡ። በቀለም ፈንታ በውሃ የቀጠነ ጥቍር ቀለም ስለ ተጠቀሙ ጥላው ይበልጥ ከብዶ ታየ። መጽሔቱ እስከ 1983 ዘለቀ፤ ደንቡም በ2011 ፈጽሞ ተተወ።

ክሪግስታይን ግን ወደዚህ ሥራ አልተመለሱም። በኒው ዮርክ በሚገኝ አንድ የሥነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ሥዕል አስተማሩ።