አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ሲሸጥ፦ የኢንተርኔት ጨረታ አሠራር
(በማኅበሩ ጸሐፊ ለአባላት ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ለድንኳናችን ወንበር ይገዛ በተባለ ጊዜ አንዳንድ አባላት «በኢንተርኔት ጨረታ በርካሽ ይገኛል» ብለዋል። ይገኝ ይሆናል። ሆኖም ገንዘቡ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከጉሮሮው ቀንሶ ያዋጣው ስለሆነ አሠራሩን ሳናውቅ መግባት የለብንም።

ሐራጅን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ መኪና ይቀርባል፣ ከፍ አድርጎ የጠራ ይወስዳል፣ አለቀ። አንድ ዓይነት ዕቃ ብዙ ሆኖ ሲቀርብ ግን አሸናፊው ብዙ ነው። ተጫራቹ የሚፈልገውን ብዛትና ለአንዱ የሚከፍለውን ዋጋ ይጽፋል። ከዚያም ከከፍተኛው ዋጋ ጀምሮ ዕቃው እስኪያልቅ ይደለደላል።

ለምሳሌ 10 ወንበር ቀረበ እንበል። አንደኛው 4 ወንበር በ900 ብር፣ ሁለተኛው 3 በ850፣ ሦስተኛው 5 በ800፣ አራተኛው 2 በ700 ብር ጠየቁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጠየቁትን ያገኛሉ። ሦስተኛው 5 ቢጠይቅም የሚደርሰው 3 ብቻ ነው። አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ክፍያውስ እንዴት ነው? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እያንዳንዱ በራሱ ዋጋ የሚከፍልበት ሲሆን ሻጩ 8,550 ብር ያገኛል። ሁለተኛው ሁሉም አሸናፊ በዝቅተኛው አሸናፊ ዋጋ፣ ማለትም በ800 ብር የሚከፍልበት ነው፤ ድምሩ 8,000 ይሆናል። በመጀመሪያው ከልክ በላይ የጠራ ሰው ጎረቤቱ በ800 የወሰደውን ያንኑ ወንበር በ900 ይገዛል። ስለዚህ ማስታወቂያው የትኛውን እንደሚከተል ሳይታወቅ ዋጋ አይጻፍም።

ይሄ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዶላርም አንዱ ከሌላው አይለይም። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ለባንኮች ባወጣው የዶላር ጨረታ 27 ባንኮች ተሳትፈው የአሸናፊዎቹ አማካይ ዋጋ 107.9 ብር ነበር። ከአጠገባችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጫነው ጽጌረዳም ከፊሉ በሆላንድ አገር አልስሜር በተባለው ቦታ በጨረታ ይሸጣል። እዚያ ደግሞ ዋጋው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቀድሞ ያስቆመው ገዢ በዚያ ዋጋ የሚፈልገውን ያህል ይወስድና ቀሪው እንደገና ይጫረታል። ዛሬ ገዢዎቹ ቤታቸው ሆነው በኮምፒዩተር ይጫረታሉ።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ማኅበሩ በአንድ ስም ይግባ፤ ለማኅበሩ ብለን በየግላችን ብንጫረት እርስ በርሳችን ዋጋ እንሰቅላለን። ከሌሎች ተጫራቾች ጋር መመሳጠር ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ሁለተኛ፣ ለአንዱ ወንበር የምንከፍለው የመጨረሻ ዋጋ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በመዝጊያው ሰዓት በእልህ አይጨመር። ሦስተኛ፣ ከጠየቅነው በታች ቢደርሰን እንድንቀበል እንገደድ እንደሆነ ይጠየቅ። 100 ወንበር ፈልገን 30 ቢደርሰን ለቅሶ ቤት ሰው ቆሞ ይውላል። አራተኛ፣ ኔትወርክ እንደሚጠፋ እናውቃለንና የመጨረሻዋን ደቂቃ አንጠብቅ። አምስተኛ፣ የጨረታ ማስያዣ ነው ተብሎ ወደ ግለሰብ ስልክ ወይም ሒሳብ አንድም ብር እንዳይላክ።

ርካሽ ማለት በልካችን የገዛነው እንጂ በጨረታ የተገዛ ሁሉ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ የዋጋውን ጣሪያ ስለምንወስን ሁላችሁም እንድትገኙ እናሳስባለን።