በአፈር ውስጥ ስለሚፈለገው መድኃኒት የተነገረ ቃል



በዳባትና በደባርቅ አገር ያለ ገበሬ፥ የክረምት መግቢያ ዝናም በደረቀ እርሻ ላይ ሲወርድ የሚነሣውን የአፈር መዓዛ ያውቀዋል። ይህን መዓዛ በብዛት የሚያወጡት በዓይን የማይታዩ፥ ስትሬፕቶማይሴስ የሚባሉ የባክቴሪያ ወገኖች ናቸው። ከእነርሱም አያሌዎቹ ሌላውን ባክቴሪያ የሚገድል ወይም እንዳያድግ የሚከለክል ቅመም ያመነጫሉ። ሊቃውንት ከአፈር የሚፈልጉት ይህንኑ ቅመም ነው። በአሜሪካ አገር አልበርት ሻትዝና መምህሩ ሴልማን ዋክስማን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ. ም. ስትሬፕቶማይሲንን ያገኙት ከዚህ ወገን ነው፤ እርሱም የሳምባ ነቀርሳን ድል ያደረገ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ሆነ።

ይህ ፍለጋ ጎንደርም ደርሷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1947 ዓ. ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው ትምህርት ቤት ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ከጎንደር ከተማ አፈርም እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች ተለይተው ተመርምረው፥ ውጤቱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ. ም. ታትሟል።

የሥራውም ሥርዐት እንዲህ ነው። አፈሩ ደርቆ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ደጋግሞም ይቀጥናል፤ ከዚያም ምግብ በረጋበት ሳሕን ላይ ይቀባል። ከቀናት በኋላ የበቀለው አንድ በአንድ ተለይቶ፥ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በተዘራበት ሌላ ሳሕን ላይ ይኖራል። በዙሪያው ባዶ ቀለበት ከታየ፥ በዚያ ስፍራ በሽታ አምጪው አላደገም ማለት ነው። ነገር ግን ቀለበት ያሳየ ሁሉ መድኃኒት አይሆንም፤ አንዱ ሰውንም የሚጎዳ፥ ሌላው አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ማንም ሰው፥ መድኃኒት ከአፈር ይገኛል ሲባል ሰምቶ በቁስል ላይ አፈር እንዳያደርግ ይጠንቀቅ። በዚያው አፈር ውስጥ ቴታነስ፥ ማለት መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ዘር ደግሞ ይኖራልና።

አዲስ መድኃኒት አጥብቆ የሚፈለገው፥ በሽታ አምጪዎቹ የቀድሞውን እየለመዱት ስለ ሄዱ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተወሰደ ወይም ሕመሙ ቀለል ሲል የተቋረጠ መድኃኒት ደካሞቹን ይገድልና ብርቱዎቹን ያስቀራል፤ እነርሱም ይራባሉ። አዲሱን ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፤ በእጅ ያለውን ከንቱ ለማድረግ ግን የሰው ቸልተኝነት ይበቃል። እንግዲህ መምህሩ ለተማሪው፥ ሽማግሌውም ለመንደሩ ያስረዳ፤ ሐኪም ያዘዘው በልኩና እስከ ቀኑ ይወሰድ፤ የአንዱም ሕመምተኛ መድኃኒት ለሌላው አይሰጥ።