የውጭውን ቧንቧ ወደ ጓሮ ስለ ማዞር
(በአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ)

እኛ ከሒሳብ ክፍል ነን፤ ስለ ቧንቧ እንድንናገር የተደረገው ገንዘቡ በእኛ በኩል ስለሚወጣ ነው።

እዚህ ሚኒሶታ ያለው የማኅበራችን ቤት ያለው የውጭ ቧንቧ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፊት ለፊት፣ ከደረጃው አጠገብ። የአትክልቱ ቦታ ግን ጓሮ ነው። ጎመኑን፣ ቃሪያውንና በሶብላውን ለማጠጣት ጎማው ቤቱን ዞሮ፣ መተላለፊያውን አቋርጦ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን ጎማው ጠልፏቸው ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል። ብርዱ ሲጀምር ደግሞ የቧንቧው ጠብታ ደረጃው ላይ በረዶ ይሠራል። ስለዚህ ይነሣ በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል። የቀረው ወዴት ይሂድ የሚለው ነው።

ብዙዎቻችሁ «መደቡ መሐል ይቁምልን» ብላችኋል። አገር ቤት የግቢ ቧንቧ እንደዚያ ነው፤ ቱቦው ትንሽ ተቆፍሮ ይቀበራል፣ አንዳንዴም በላይ ይሄዳል፣ ምንም አይሆንም። የደብረ ብርሃን ልጆች «ውርጭ እናውቃለን» ትሉ ይሆናል፤ የዚያ ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። እዚህ መሬቱ ራሱ ድንጋይ ይሆናል። የሚኒሶታ የግንባታ ደንብ የቤት መሠረት እኛ ባለንበት በደቡቡ ክፍል 42 ኢንች፣ በሰሜኑ 60 ኢንች እንዲወርድ የሚያዘው ለዚህ ነው። 42 ኢንች ከአንድ ሜትር ያልፋል። መደቡ መሐል ለማቆም ቱቦው ከዚያ በታች መቀበር አለበት፤ ከሥሩም ውሃው የሚሰርግበት ጠጠር ይፈልጋል። ከመቆፈሩ በፊት 811 ደውሎ የጋዙንና የመብራቱን መስመር ማስለየት ግዴታ ነው። ጥሪው ነጻ ነው፤ ቁፋሮው ግን አይደለም። የቀረበልን ዋጋ ከሌላው ሦስት እጥፍ ሆነ።

እኛ የምንደግፈው ሌላውን ነው፤ በጓሮ በኩል ባለው የኩሽና ግድግዳ ማውጣት። የኩሽናው ውሃ ከምድር ቤቱ ጣሪያ ሥር ስለሚያልፍ አዲሱ ቱቦ አጭር ይሆናል። ከዚያ እስከ መደቡ ትንሽ ጎማ ይበቃል፣ መንገድም አያቋርጥም። አሮጌው መስመር ከውስጥ ተቆርጦ ይደፈናል፤ ቀዳዳውም ብርድ እንዳያስገባ ይታሸጋል።

የሚገጠመው ለብርድ አገር የተሠራው ረጅሙ ዓይነት ነው። እጀታው ውጭ ይታይ እንጂ ውሃውን የሚዘጋው ክፍል ከ8 እስከ 12 ኢንች ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሙቀት ካለበት ነው። ሲዘጋ ከፊቱ የቀረው ውሃ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ለዚህም ሲገጠም ወደ ውጭ ትንሽ ማዘንበል አለበት። ሠራተኛው ይህን ሲያደርግ ቆመን እናያለን፤ ሒሳብ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። አፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቆብ ማንም እንዳይነቅላት። ጎማው የማዳበሪያ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ቢቀር፣ ያ ውሃ ተመልሶ ወደምንጠጣው እንዳይሳብ የምትከለክለው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ ቧንቧ ጎማ እንደተገጠመበት ብርዱ ከያዘው ዋጋ የለውም። ጎማው ውሃው እንዳይወጣ ይይዘዋል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቱቦው ግድግዳው ውስጥ ይሰነጠቃል። ክፋቱ በብርዱ ወራት አይታወቅም። ስንጥቁ ከመዝጊያው ወደ ውጭ ስለሆነ፣ ቧንቧው እስከተዘጋ ድረስ አንዲት ጠብታ የለም። ብርዱ ለቆ፣ ጎመን ልናጠጣ ስንከፍተው ነው ውሃው በግድግዳው ወደ ምድር ቤት የሚወርደው። ምድር ቤታችን ያሉት ደግሞ ለጋሾቻችን የሰጣችሁን የልብስ ስፌት መኪናዎችና የልጆቹ የፊደል መጻሕፍት ናቸው።

ስለዚህ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ጎማው ይፈታል። የውስጡ ቫልቭ ይዘጋል፤ ከዚያ የውጭው ተከፍቶ የቀረው ውሃ ይወርዳል። ለዚህ ሥራ የሁለት ሰው ስም ዛሬ እንፈልጋለን፤ ወረቀቱ ቡናው አጠገብ ነው። ድምፅ የምንሰጠው ከቡናው በኋላ ነው።