ሽቦው ከላያችን ሲያልፍ፤ ከጣና በለስ ኃይል የገጠሩ ድርሻ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ እንድናገር ሲጋብዘኝ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ያቀርባል ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። እሱን ዓመቱን ሙሉ በየማሳችሁ እየዞርኩ ስጨቀጭቃችሁ ስለምከርም ለዛሬ ልተውላችሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ነው። እኔ የሰብል ሙያ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው እንጂ የመብራት ሰው አይደለሁም። ሆኖም አንድ አባት የጠየቁኝን ጥያቄ በጊዜው መመለስ ስላቃተኝ ከዚያ ወዲህ ስጠይቅና ሳነብ ቆይቻለሁ።

ጥያቄው የተነሣው በጥር ወር በእርከን ሥራ ላይ ሳለን ነው። ለእረፍት የተቀመጥነው ከአንድ ትልቅ የብረት ምሰሶ አጠገብ ነበር። እኒህ አባት ቀና ብለው ሽቦውን አዩና «ልጄ፣ እርከኑን የምንሠራው አፈራችን እንዳይሄድ፣ ደለሉም ጣናን እንዳይሞላው ነው ትለናለህ። የጣና ውኃ በለስ ወርዶ መብራት ይሆናል። መብራቱ በእኛ ራስ ላይ አልፎ አገር ያዳርሳል። እኛ በባትሪ እናመሻለን፣ እህላችንን በአህያ ጭነን ወፍጮ ፍለጋ እንሄዳለን። ይህ እንዴት ያለ ሒሳብ ነው?» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ ስላልነበረኝ ነው።

እንደምታውቁት የጣና በለስ ማመንጫ የተመረቀው ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ውኃው በቁንዝላ በኩል ከሐይቁ ይገባና 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ በምድር ውስጥ ተጉዞ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ እያንዳንዳቸው 115 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ተርባይኖችንም ያዞራል። በድምሩ 460 ሜጋ ዋት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ውኃው ወደ በለስ ወንዝ ይለቀቃል። በለስ ደግሞ ዓባይን የሚቀላቀለው ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ በላይ ስለሆነ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው፣ ሁላችንም ከኪሳችን አውጥተን ቦንድ በገዛንለት ግድብ እንደገና መብራት ይሆናል። በአንድ ውኃ ሁለት ጊዜ እንጠቀማለን ማለት ነው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ያለ ክፍያ የምትሠሩት እርከን ለሁለቱም ያገለግላል። ስለዚህ የእኒያ አባት ሒሳብ መነሻው ትክክል ነው፤ ገበሬው በዚህ ኃይል ውስጥ ድርሻ አለው።

ጥቅም አልመጣም ማለት ግን አይደለም። ግንባታው በተካሄደባቸው ዓመታት የቀን ሥራ ያገኙ ወጣቶች ነበሩ፤ መንገድ ወጥቷል። በለስ ከዚያ ወዲህ በበጋም ውኃ ስለሚያገኝ በጃዊ በኩል ለሸንኮራ አገዳ መስኖ ውሏል። ጉዳትም ነበር። ውኃው ወደ በለስ ሲዞር የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቀንሷል፤ በጎብኚ የሚተዳደሩ የዚያ አካባቢ ሰዎች ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ሐይቁም ልክ አለው። በ1995 ዓ.ም.፣ ገና ጣና በለስ ሳይሠራ፣ የጣና ውኃ እጅግ ወርዶ ጀልባዎች መንቀሳቀስ ተቸግረው ነበር። በዓል ስለሆነ ብቻ ይህን ደብቄ ጥቅሙን ብቻ ብናገር አትሰሙኝም።

የቀን ሥራው ግን ግንባታው ሲያልቅ አለቀ። ማመንጫ ጣቢያ አንዴ ከቆመ በኋላ የሚፈልገው ጥቂት የሠለጠኑ ሰዎችን ነው። ለገጠሩ ዘላቂ የሚሆነው ጥቅም ኃይሉ ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ በሽቦ ስላለፈ ብቻ ወደ ቤታችን አይገባም።

ለምን እንደማይገባ ልንገራችሁ። ከበለስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መስመር 400 ሺህ ቮልት የተሸከመ ነው። የእኛ ቤት አምፖል የሚፈልገው 220 ነው። የዓባይን ሙላት በማሳዬ ቦይ ልቀበል የሚል ሰው ማሳውን ያጣል። ስለዚህ ኃይሉ መጀመሪያ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባና ወደ 33 ሺህ ወይም 15 ሺህ ቮልት ይወርዳል፤ በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ወደየቀበሌው ይሄዳል፤ በመጨረሻም በየሰፈሩ በሚሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ይቀነሳል። ከትልቁ መስመር ሥር መኖርና ከትራንስፎርመር አጠገብ መኖር ይለያያሉ። የጎደለን የመጨረሻው እርምጃ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቀበሌ ያለው መሠረታዊ ማኅበር መብራት ሊገባ ነው ሲባል ሰምቶ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ለመግዛት ወሰነ። ግዙ ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። ባለ 20 ፈረስ ጉልበት ሞተር ተገዛ፤ ቤትም ተሠራለት። መስመሩ ሲመጣ ባለ አንድ ፌዝ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ የሚፈልገው ሦስት ፌዝ ነው። የሚመለከተው ቢሮ ሄደን ስንጠይቅ «ጥያቄያችሁ ላይ ወፍጮ የሚል የለም» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ማመልከቻውን አንብቤዋለሁ፤ «መብራት እንዲገባልን» ነው የሚለው። ሞተሩ ሸራ ለብሶ ሁለት ክረምት አለፈበት። አንዲት እናት በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር «ባለሙያው፣ ሙሽራዋ አልተገለጠችም?» ይሉኛል። አሁንም ይሉኛል።

ከዚህ የተማርኩት ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራትን ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ሦስት አራተኛ ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ባለ 20 ፈረስ ጉልበት ሞተር 15 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ሲነሣ ደግሞ ለጥቂት ሴኮንድ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ባለ 25 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ለአንድ ሰፈር አምፖልና ቴሌቪዥን ይበቃ ይሆናል፤ ወፍጮ ሲጨመርበት ግን ይቃጠላል። የእንጀራ ምጣድም ቀላል አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ስለሚፈልግ ሰባት ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት አብረው ቢለኩሱ ያ ትራንስፎርመር ሞልቷል። ስለዚህ ማመልከቻ ስንጽፍ ስንት ቤት እንዳለ፣ ስንት ወፍጮ፣ ለመስኖ ስንት የውኃ ፓምፕ፣ ጤና ኬላና ትምህርት ቤት መኖሩን፣ ሞተሮቹ የስንት ፈረስ ጉልበት እንደሆኑ መዘርዘር አለብን። ዝርዝር የሌለው ጥያቄ ሲመለስም ዝርዝር በሌለው መንገድ ነው።

ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን አይችለውም። ለወፍጮ የሚሆን ትራንስፎርመር ሲጠየቅ ወጪው በአብዛኛው በጠያቂው ላይ ስለሚወድቅ ግለሰብ ከጠየቀ ሀብታሙ ነጋዴ ይጠይቃል፤ ዋጋውንም እሱ ይቆርጣል። ማኅበር ከጠየቀ ግን ወፍጮው የአባላት ይሆናል። በናፍጣ የሚሠራውን ወፍጮ የምታውቁት ነው። ናፍጣ ሲወደድ የማስፈጫ ዋጋ ይወደዳል፤ ናፍጣ ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል። በአንድ ወቅት በእኛ ቀበሌ ናፍጣ ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም እናቶቻችን የድንጋይ ወፍጮ ከጓዳ አውጥተው ሲፈጩ አይቻለሁ። በዚያ ሰሞን ለሥልጠና የጠራኋቸው ሴት አባላት አልመጡም። ቀርተዋል ብዬ በሪፖርቴ ላይ ጻፍኩ፤ ለምን እንደቀሩ ግን አልጻፍኩም።

በሐይቁ ዳር ያላችሁ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቾችም እንዲሁ ናችሁ። ሽንኩርት ሲረክስ የፓምፑ ነዳጅ ትርፉን ይበላዋል። መስመሩ ወደ ማሳው ጠርዝ ቢደርስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ በጋራ መትከል ይቻላል። ማን በስንት ሰዓት ያጠጣል የሚለው ግን የውኃ ተጠቃሚዎቹ ስምምነት ነው፤ እሱን ሳንጨርስ ፓምፕ ብንገዛ ለሽማግሌ ሥራ መጨመር ነው።

ለክቡራን የሥራ ኃላፊዎች ሁለት ነገር አለኝ። ምሰሶ ለተተከለበትና መስመር ላለፈበት ማሳ ካሳ የሚከፈለው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ፤ ክፍያው ሲፈጸምም ሁለቱም ይጠሩ። ሌላው፣ ከትልልቁ ምሰሶ ላይ ብረት እየፈቱ የሚሸጡ ሰዎች በብዙ ቦታ አሉ። ጥበቃውን ለገበሬው አደራ ስትሉት፣ በዚያ መስመር ኃይል የሚያገኝበትን ቀንም አብራችሁ ንገሩት። ሜዳ ላይ ቆሞ ለሌላ ሰው መብራት የሚጠብቅ ሰው ሌሊቱ ይረዝምበታል።

አሁን ወደ አጀንዳችን። ጉባዔው ከሰዓት በኋላ በትርፍ ድርሻ ላይ ይወያያል። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ሐሳብ ግን አለኝ። ትርፉን በሙሉ ከመከፋፈል ከፊሉ ለሁለት መሠረታዊ ማኅበራት የትራንስፎርመርና የሦስት ፌዝ ወፍጮ ወጪ ቢመደብ እላለሁ። ሸራ የለበሰው ሞተር ያለበት ማኅበር አንዱ እንዲሆን እለምናለሁ፤ ሞተሩ አለ፣ ቤቱም አለ። ለእያንዳንዳችሁ የሚደርሳችሁ ድርሻ እንደሚያንስ አውቃለሁ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት አባል «የእኔን ስጡኝ» ቢል አልፈርድበትም። በሰፊው ተከራከሩበት።

አንድ የቦርድ አባል ትናንት «ብራችንን አውጥተን መብራቱ ቢጠፋስ?» ብለውኛል። ይጠፋል። ዝናብና ነፋስ ባለበት ቀን ይጠፋል፤ አንዳንዴም ያለ ዝናብ ይጠፋል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ያለው ማኅበር እንዳይሸጠው፤ ዘይት እየቀባ በተጠንቀቅ ያስቀምጠው። መብራቱ ካለ በኤሌክትሪክ፣ ከጠፋ በናፍጣ ይፈጫል።

የቤቱን፣ የወፍጮውንና የፓምፑን ብዛት የሚሞላበት ቅጽ አዘጋጅቼ ይዣለሁ። ለምሳ ስትወጡ በር ላይ እቆማለሁ፤ የየማኅበሩ ጸሐፊ አንድ አንድ ይውሰድ። የሞተሩን ጉልበት በግምት አትሙሉት፤ በሞተሩ ላይ የተለጠፈው ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል። ማንበብ ካስቸገረ ጥሩኝና እመጣለሁ።