የሚሸተውና የሚጣፍጠው

ዛሬ በሰው አገር ስለሚቀርብልን እንግዳ ምግብ እናወራለን።

አይስላንድ የሄደ መንገደኛ በስቲኪኒ የተወጋች፣ ከአንድ ፍሬ ስኳር የማትበልጥ ነጣ ያለች ቁራጭ ሥጋ ይቀርብለታል። ገና ወደ አፉ ሳያስጠጋት ሽታዋ አፍንጫውን ይሰነፍጠዋል። ሳይጠረግ የሰነበተ በረት ውስጥ የገባ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። ምግቡ ሃውካርል ይባላል፤ የሚሠራውም ከግሪንላንድ ሻርክ ነው።

ብዙ ሰው «የበሰበሰ ሥጋማ አልበላም» ብሎ ይሸሻል። እኔ የምነግራችሁ ተቃራኒውን ነው፤ የሚያሰጋው ትኩሱ ሥጋ ነው። ይህ ሻርክ የሚኖረው በጥልቅና እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ ባሕር ውስጥ ነው። የባሕሩን ጨውና ግፊት የሚቋቋመውም ዩሪያና ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮችን በሥጋው አከማችቶ ነው። ሁለተኛው ንጥረ ነገር አንጀት ሲደርስ ይለወጥና እንደ መጠጥ ያሰክራል። ግሪንላንድ ውስጥ ትኩሱን ሥጋ የበሉ የበረዶ ጋሪ ጎታች ውሾች መቆም እያቃታቸው ወድቀዋል።

አይስላንዳውያን መላ አበጁለት። በባህላዊው ዘዴ ሥጋውን ቆራርጠው ጠጠራማ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩትና ድንጋይ ይጭኑበት ነበር። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሲቆይ ፈሳሹ ተጨምቆ ይወጣል፤ ባክቴሪያዎችም ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ያ የሚሰነፍጠው ሽታ ይኸው አሞኒያ ነው። ከዚያ ነፋስ በሚያገኘው ዳስ ለወራት ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ያወጣው ቡናማ ቅርፊት ይላጥና ይበላል። በእኛም አገር የጉራጌና የሲዳማ እናቶች የፋቁትን እንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል። በዚህ መንገድ የሚሠራውን ቆጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸተተ እንግዳ ፊቱን ሲያጨማድድ አይታችሁ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ልውሰዳችሁ። እዚያ ኮይ ፕላ የሚባል ምግብ አለ። ከወንዝና ከኩሬ የተጠመደ ትንንሽ ጥሬ ዓሣ ይከተከትና ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል ይገባበታል። መዓዛው ምራቅ ያስውጣል። ሎሚው ሥጋውን ስለሚያነጣው የበሰለም ይመስላል። ግን አልበሰለም። ዓሣው ውስጥ የጉበት ትል እጭ ካለ ሎሚ አይገድለውም፤ ትሉ ሐሞት ቧንቧ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ካንሰርም ሊያስከትል ይችላል። የሐሞት ቧንቧ ካንሰር በዓለም ላይ እጅግ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው አካባቢ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም አባት እናቱን አጥቶበታል።

ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር የእኛ ቁርጥ ቤት ትዝ ይለኛል። «ሚጥሚጣውና አረቄው ኮሶውን ይገድለዋል» የሚል ሰው ሞልቷል። እባካችሁ፣ አይገድለውም! የሚገድለው በደንብ መብሰል ወይም ለቀናት በረዶ ሆኖ መቆየት ነው።

እንግዲህ መንገድ ስትወጡ አፍንጫችሁን ብቻ አትመኑ። «ጥሬ ነው? እሳት አይቷል? ስንት ጊዜ ቆየ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ባለቤቱ የአገሩን ምግብ ሲጠየቅ ደስ እያለው ያስረዳችኋል። ኮይ ፕላ ከሆነ በእሳት ይብሰልልኝ በሉ። ሃውካርል ከሆነ ግን አፍንጫችሁን ያዝ አድርጉና አንዲት ቁራጭ ቀስ ብላችሁ አላምጡ። ሽታው ከጣዕሙ ይበረታል፤ ጣዕሙ ብዙ የሰነበተ አይብ ይመስላል።